ሲውዳስ ሳዱና የዋተርሉ የባሕር ላይ ቤተ መቅደስ፦ መሬት፣ አምልኮና የሕንዳውያን ዳያስፖራ በትሪኒዳድ

በትሪኒዳድ ደሴት ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ካራፒቻይማ ከሚባለው አካባቢ ዋተርሉ የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ ዳርቻ 150 ሜትር ገደማ ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ በቀለማት ያሸበረቀ፣ ጉልላት ያለው አንድ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ቆሟል። ምእመናንና ጎብኚዎች ወደ መቅደሱ የሚደርሱት ከየብስ ተነሥቶ ባሕሩን በሚሰነጥቅ ጠባብ ማለፊያ ላይ በእግር ተጉዘው ነው። ዛሬ የሚታየውን ሕንፃ ያሠራው የአገሩ መንግሥት ቢሆንም፣ መቅደሱ በባሕር ላይ ሊቆም የቻለው ሲውዳስ ሳዱ በተባለ አንድ የስኳር እርሻ ሠራተኛ ድካም ነው።

ስለ ሳዱ በትሪኒዳድ በብዛት የሚነገረው የጽናት ታሪክ ነው፤ አንድ ድኻ ሰው ብቻውን፣ በብስክሌት ድንጋይ እያመላለሰ፣ ባሕር ላይ የአምልኮ ቤት ሠራ ይባላል። ጽናቱ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ትኩረቱ በሰውየው ባሕርይ ላይ ብቻ ሲያርፍ፣ አንድን አማኝ ባሕር ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያደረሰው ምክንያት ይሸፈናል። ምክንያቱ የመሬት ይዞታ ነበር። ይህ ጽሑፍ የሳዱን ሕይወት ከዚህ አንጻር ይመለከታል። ከትውልድ አገሩ ተነቅሎ በሄደ ማኅበረሰብ ዘንድ የአምልኮ ቤት የማቆም ጥያቄ ከሃይማኖት ጥያቄነቱ አስቀድሞ፣ በማን መሬት ላይና በማን ፈቃድ ይቆማል የሚል ጥያቄ እንደ ሆነ የእርሱ ሕይወት በግልጽ ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥቁሩን ውኃ መሻገር

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የባርነት ሥርዓት በ1834 በሕግ ተሽሮ፣ ነጻ የወጡት አፍሪካውያንም በ1838 ከቀረው የግዴታ ሥራ ሲላቀቁ፣ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ርካሽና በውል የሚታሰር ጉልበት ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ሕንድ አዞሩ። የመጀመሪያዎቹን ሕንዳውያን ወደ ትሪኒዳድ ያደረሰችው ፋቴል ራዛክ የተባለች መርከብ ስትሆን፣ ወደቡ የገባችውም ሜይ 30 ቀን 1845 ነው። ከዚያ ዓመት አንሥቶ ምልመላው እስከ ቆመበት እስከ 1917 ድረስ 144,000 ገደማ ሕንዳውያን ወደዚህች ትንሽ ደሴት ተጓጓዙ። ወደ ሞሪሸስ፣ ወደ ብሪቲሽ ጉያና፣ ወደ ናታል፣ ወደ ሱሪናምና ወደ ፊጂ የተወሰዱት ሲታከሉበት አጠቃላይ ቁጥሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

ወደ ካሪቢያን ከተጓዙት መካከል የሚበዙት ዛሬ ቢሃርና ኡታር ፕራዴሽ በሚባሉት የሰሜን ሕንድ ግዛቶች ከሚገኙ የገጠር መንደሮች የተመለመሉና ከካልካታ ወደብ የተነሡ ነበሩ። በሂንዱ ልማድ ባሕር መሻገር፣ በእነርሱ አጠራር ካላ ፓኒን ወይም ጥቁሩን ውኃ ማቋረጥ፣ ሰውን ከወገኑና ከሥርዓተ ንጽሕናው የሚለይ ነገር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በመርከብ ላይ የተለያየ የዘር ሐረግ ያላቸው ሰዎች በአንድ ወለል ላይ ይተኛሉ፤ ከአንድ ድስትም ይበላሉ። ስለዚህ የጉዞው ወራት አሮጌውን ማኅበራዊ እርከን ቢያንስ በከፊል አፈረሱት፤ በምትኩም የመርከብ ወንድማማችነት የሚባል፣ ከደም ዝምድና የማይተናነስ ትስስር ፈጠሩ። ይህ ነጥብ ለኋላው ታሪክ አስፈላጊ ነው። በትሪኒዳድ የክህነት አገልግሎት በብራህማን ፓንዲቶች እጅ ቢቀጥልም፣ ተራ ሠራተኛ ተነሥቶ የአምልኮ ቤት ልሥራ ሲል እንደ ድፍረት የማይታይበት ማኅበረሰብ የተወለደው በእነዚህ መርከቦች ላይ ነው።

የውሉ ዘመን በአብዛኛው አምስት ዓመት ነበር። በሕግ የተደነገገው የአንድ ወንድ የቀን ክፍያ 25 ሳንቲም ሲሆን፣ ሠራተኛው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከእርሻው ክልል ቢገኝ ይቀጣ ነበር። ከሥራ መቅረትም ሆነ ሥራን ማጓደል እንደ ወንጀል ተቆጥሮ እስራት ያስከትላል። በሌላ አነጋገር አሠሪው የጉልበቱ ገዢ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው የሚያድርበት ሰፈር፣ የሚሄድበት መንገድና የሚረግጠው መሬት ባለቤት ነበር። ከ1869 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ወደ ሕንድ የመመለስ መብታቸውን ለሚተዉ ሰዎች የመንግሥት መሬት በምትኩ ይሰጥ ስለ ነበር፣ በዚህና በግዢ መሬት ያገኙ ሕንዳውያን የራሳቸውን መንደሮች መሥርተዋል። በእርሻዎቹ ክልል ውስጥ የቀሩት ግን የሚኖሩት በሌላ ሰው መሬት ላይ ነበር።

ሲውዳስ ሳዱ በሕንድ አገር በ1903 ተወለደ። ስሙ የሺቫ አገልጋይ ማለት ነው። በ1907፣ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ፣ ሙትላ በተባለች መርከብ ከወላጆቹ ጋር ወደ ትሪኒዳድ ተሻገረ። ወላጆቹ ለዋተርሉ እርሻ በውል የተመደቡ ሠራተኞች ነበሩ። እርሱም በዚያው እርሻ ሰፈር አደገ፣ ለሥራ ሲደርስም የስኳር እርሻ ሠራተኛ ሆነ፤ ትዳር መሥርቶም በዚያው አካባቢ ኖረ። ሙትላ መልሕቋን ከጣለች ከአሥር ዓመት በኋላ የውል ሠራተኛ ምልመላ ስለ ተቋረጠ፣ ሳዱ ባሕሩን በዚህ ሥርዓት ተሻግረው ከመጡት የመጨረሻዎቹ አንዱ ነው ማለት ይቻላል።

ሳዱ ባደገበት ዘመን የሂንዱ እምነት በደሴቲቱ የሚታይ፣ ነገር ግን ሕጋዊ ክብደት የሌለው ነገር ነበር። በ1884 በሳን ፈርናንዶ ከተማ የሆሴይን በዓል፣ ማለትም በመነሻው የሺዓ ሙስሊሞች የሙሐረም በዓል ቢሆንም ሂንዱዎችም በብዛት ይሳተፉበት የነበረውን ሥርዓት፣ ለማክበር የወጡ ሰልፈኞች ላይ የቅኝ ገዢው ፖሊስ ተኩስ ከፍቶ ብዙዎችን ገድሏል። በሂንዱ ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ በሕግ ፊት ስለማይጸና፣ ከዚህ ጋብቻ የተወለዱ ልጆች ከሕጋዊ ትዳር ውጭ እንደ ተወለዱ ይቆጠሩ ነበር። ለሕንዳውያን ልጆች ትምህርት ቤት በስፋት የከፈቱት ከ1868 ጀምሮ የገቡት የካናዳ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ ትምህርቱም ከስብከቱ ጋር ተያይዞ የሚሰጥ ነበር። የአምልኮ ቤቶቹን በተመለከተ፣ የመጀመሪያዎቹ ከቀርከሃና ከጭቃ የሚሠሩ ትንንሽ ጎጆዎች ነበሩ። ከእነርሱ ይልቅ የሂንዱ ቤተሰብን መኖር የሚያሳውቀው በየደጁ በረጅም ቀርከሃ ላይ የሚሰቀለው ባለ ቀለም ባንዲራ ሲሆን፣ ይህ ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ባንዲራ የሚጠይቀው አንድ ስንዝር መሬት ነው፤ ቤተ መቅደስ ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

በኩባንያው መሬት ላይ

ቴት ኤንድ ላይል የተባለው የእንግሊዝ የስኳር ኩባንያ በ1937 የካሮኒ ኩባንያን በእጁ ካስገባ በኋላ በመካከለኛው ትሪኒዳድ የሚገኘው የአገዳ መሬት በአብዛኛው በአንድ ባለቤት ሥር ተጠቃለለ። በዋተርሉ ያለው መሬትም እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ በዚሁ ይዞታ ውስጥ ነበር። ሳዱ በ1947 የመጀመሪያውን ቤተ መቅደስ መሥራት የጀመረው በዚህ ዳርቻ ላይ፣ ማንም በማያርሰው የመሬቱ ጠርዝ ነው።

ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም። የሂንዱ ሥርዓት ከወራጅ ወይም ከሰፊ ውኃ ጋር ያለው ቁርኝት የታወቀ ነው፤ መታጠብ፣ መሥዋዕት ማቅረብ፣ የሟችን አመድ መስጠት ሁሉ ውኃ ይፈልጋሉ። ከጋንጀስ ወንዝ ለተለየ ማኅበረሰብ የቅርቡ ውኃ የወንዙ ምትክ ይሆናል። በሞሪሸስ በ1890ዎቹ መጨረሻ በተራራ መካከል የሚገኝን አንድ ሐይቅ የጋንጀስ ወገን አድርገው የተቀበሉት የውል ሠራተኞች ልጆች፣ ቦታውን ዛሬ ጋንጋ ታላኦ የሚባል ታላቅ የንግደት ስፍራ አድርገውታል። በትሪኒዳድ የዋተርሉ ሰዎች የነበራቸው ውኃ የፓሪያ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ጥልቀት የሌለው፣ ጭቃማ፣ ሲሸሽ ሰፊ ረግረግ የሚተው ባሕር ነው።

በቅኝ ግዛቶቹ የአገዳ እርሻዎች ላይ ቤተ መቅደስ መኖሩ በራሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። በናታል፣ በማውንት ኤጅኮም የስኳር እርሻ፣ የጋኔሻ መቅደስ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ቆሟል። የእርሻ ባለቤቶች የሠራተኛው አምልኮ ሰፈሩን ያረጋጋል ብለው ሲያምኑ ቦታ የሚፈቅዱበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ፈቃድ መብት አይደለም። ፈቃድ የሰጠ ባለቤት ሊነፍግ ይችላል፤ ያልተጠየቀ ባለቤት ደግሞ ሊያስፈርስ ይችላል። የሳዱ የመጀመሪያ መቅደስ ዕጣ የሁለተኛው ዓይነት ነበር። ምእመናን ለጥቂት ዓመታት ሲያመልኩበት ከቆዩ በኋላ ኩባንያው እንዲያፈርሰው አዘዘው። ሳዱ የአምልኮ ቤትን በገዛ እጁ እንደማያፈርስ አስታውቆ እምቢ አለ።

በ1952 ያለፈቃድ በሰው ይዞታ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ የ14 ቀን እስራትና የ500 ዶላር መቀጮ ፈረደበት፤ በቀን ክፍያ ለሚተዳደር የእርሻ ሠራተኛ ይህ ገንዘብ እጅግ ከባድ ነበር። መቅደሱም ፈረሰ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ክሱ ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል ሳይናገር ሊያልቅ የሚችል መሆኑ ነው። ለፍርድ ቤቱ የቀረበው ጥያቄ መሬቱ የማን ነው የሚል ብቻ ነበር፤ ለዚያ ጥያቄ ደግሞ የማያሻማ መልስ ነበረው። የሳዱ ወላጆች ዋተርሉን የረገጡት ለዚያው እርሻ ሊሠሩ በውል ተመድበው ነው። እርሱ ራሱ ዕድሜውን በዚያ መሬት ላይ ሠርቷል። ይህ ሁሉ ግን በይዞታ ሕግ ፊት ምንም ዋጋ አልነበረውም።

አጋጣሚ ሆኖ ያው 1952 በትሪኒዳድ የሂንዱዎች ታሪክ ውስጥ በሌላ ምክንያትም ይጠቀሳል። ተቀናቃኝ የነበሩት ሁለት የሂንዱ ማኅበራት ተዋሕደው ሳናታን ዳርማ ማሃ ሳባ የሚባለውን ብሔራዊ ድርጅት የመሠረቱት በዚህ ዓመት ነው። መሪው ባዳሴ ሳጋን ማራጅ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ከአሜሪካ የጦር ሰፈር ትርፍ ንብረት ሽያጭ ሀብት ያካበተ፣ ቆይቶም የስኳር ሠራተኞች ማኅበር መሪና የፖለቲካ ሰው የሆነ ብርቱ ግለሰብ ነበር። ድርጅቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በርካታ የሂንዱ ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ። የሂንዱ እምነት በቅኝ ግዛቱ ሕጋዊ ክብር ያገኘው በእርግጥም በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው፤ መሬት በመግዛት፣ ማኅበር በማስመዝገብ፣ ከመንግሥት ጋር በመደራደር። የሳዱ መንገድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ገንዘብ አልነበረውም፤ የሚደራደርለት ድርጅትም አላስከተለም። ስለዚህ የእርሱን ሥራ የማሃ ሳባ ታሪክ ቅጥያ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል።

ባሕሩ የማን ነው?

ሳዱ ከእስር ከተፈታ በኋላ የደረሰበት ውሳኔ ቀላል ነበር፤ በየብስ ላይ የሚሠራበት ቦታ ካልተፈቀደለት ማንም ባለቤት በሌለው በባሕሩ ላይ ይሠራል። ይህ አስተሳሰብ በሕግ ረገድ ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። በእንግሊዝ የልማድ ሕግ ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው ዳርቻና ከእርሱ የሚቀጥለው የባሕር ወለል ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የዘውዱ ንብረት ነው ተብሎ ይገመታል። ሆኖም ሳዱ በተግባር አልተሳሳተም። የኩባንያው ይዞታ ከውኃው ጠርዝ አያልፍም፤ ስለዚህ ኩባንያው የመክሰስ መብት አልነበረውም። ዘውዱ ደግሞ በፓሪያ ባሕረ ሰላጤ ጭቃ ላይ ድንጋይ የሚያስቀምጥን አንድ ሰው ለመክሰስ የሚያነሣሣው ጥቅም አልነበረውም። ሳዱ የቆመው በሁለቱ መካከል በተገኘ ክፍተት ላይ ነው። ሁለተኛ ክስ አልተከተለም።

የሥራው ዘዴ በባሕሩ መምጣትና መሄድ የሚወሰን ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ሳዱ በብስክሌቱ ላይ ባንጠለጠላቸው ባልዲዎች ድንጋይ፣ አሸዋና ሲሚንቶ እያመላለሰ ይገባል። ውኃው ሲመለስ ሥራው ይቆማል። በመጀመሪያ የሠራው ራሱን መቅደሱን ሳይሆን ወደዚያ የሚያደርሰውን ማለፊያ ነው፤ ድንጋዩን እየደለደለ፣ በደለደለው ላይ እየሄደ፣ ከፊቱ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። ለመሠረቱ ባዶ የዘይት በርሜሎችን በጭቃው ውስጥ አቁሞ በድንጋይና በኮንክሪት ይሞላቸዋል። ይህ ዘዴ የድኻ ብልሃት ቢመስልም በምህንድስና ዓይን የሚያስኬድ ነው። የበርሜሉ ቆርቆሮ በጨው ውኃ ዝጎ ቢያልቅም፣ በውስጡ የጠነከረው ኮንክሪት ዓምድ ሆኖ ይቀራል። የባሕሩ ጥልቀት ማነስ፣ ለጀልባ አስቸጋሪ ያደረገው ነገር፣ ለሳዱ በጎ ሆነለት፤ ጥልቅና ማዕበለኛ በሆነው የደሴቲቱ ሰሜናዊ ጠረፍ ቢሆን ኖሮ ሥራው ከመጀመሪያው ክረምት ባላለፈ ነበር።

ሥራው 25 ዓመት እንደ ፈጀ በተደጋጋሚ ይነገራል። ቁጥሩ ሊያስኬድ የሚችለው ግን ከመጀመሪያው መቅደስ ጅማሮ፣ ከ1947 ተነሥቶ እስከ ሕልፈቱ ሲቆጠር ብቻ ነው፤ በባሕሩ ላይ የተሠራው ሥራ ከ1952 በኋላ ያለውን ሁለት ዐሥርት የማይሞላ ጊዜ ይሸፍናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትርጉም አለው። የቃል ትውፊቱ ሁለቱን መቅደሶች አንድ ሥራ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ለመንደሩ ሰዎች በ1952 የፈረሰውና በባሕር ላይ የተነሣው የአንድ ስእለት ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ሥራውን አቋረጠው እንጂ አልጨረሰውም።

በእነዚያ ዓመታት ሳዱን ያልተሳለቀበት ሰው ጥቂት ነበር፤ ብዙዎችም እንደ እብድ ይቆጥሩት ነበር። የሚረዳው ሰው ባገኘ ቁጥር ይረዱታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ብቻውን ነበር። በዙሪያው አገሩ ተለወጠ። ትሪኒዳድና ቶቤጎ በ1962 ነጻነቷን አገኘች። በኤፕሪል 1966 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጃማይካ ከመሻገራቸው በፊት ደሴቲቱን ጎበኙ፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የትሪኒዳድ ስም ከሌላ ነገር ይልቅ ከዚህ ጉብኝት ጋር ሊያያዝ ይችላል። አዲሱ መንግሥት በሚመሠረትበትና እንግዶች በሚቀበልበት በዚያ ዘመን፣ ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ ባለው የአገዳ አገር የሳዱ ሥራ በባሕሩ ሰዓት እየተመራ ቀጥሎ ነበር።

ቤቱ ለማን እንደ ተሠራ መጠየቅ ተገቢ ነው። የመንደር ጎጆ መቅደሶች ብዙውን ጊዜ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ወይም በአንድ ፓንዲት ዙሪያ የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ ገቢውም ወጪውም የታወቀ ነበር። የሳዱ መቅደስ ግን ግቢ የለውም። አጥር ሊታጠርለት አይችልም፤ በር የሚሆነው ማለፊያው ነው፤ ማለፊያው ደግሞ ለሁሉም አንድ ነው። ሳዱ በሙያው ፓንዲት ባለመሆኑ መቅደሱ የአንድ መምህር ተከታዮች ቤት አልሆነም። ባለቤት በሌለው ቦታ ላይ መሠራቱ፣ የየትኛውም ወገን ርስት እንዳይሆን አድርጎታል። ዛሬ ቦታው በክፍትነቱ የታወቀ ነው፤ ሂንዱ ያልሆነ ሰውም ጫማውን አውልቆ ይገባል። ይህ ጠባይ ከመሠረታዊ ትምህርት ይልቅ ከአሠራሩ የመነጨ ይመስላል፤ የይዞታ ክርክር ሳይፈልግ የሰጠው በረከት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሳዱ በኋላ

ሳዱ በ1970 አካባቢ አረፈ። ሥራው በፈለገው መጠን አልተጠናቀቀም ነበር። የሚጠግነው እጅ ሲጠፋ ባሕሩ የራሱን መልሶ መውሰድ ጀመረ፤ ማለፊያው በየቦታው ተሸረሸረ፣ ሕንፃውም ተጎዳ። በዚያው ዐሥርት የስኳር ኢንዱስትሪው ባለቤትነት ተለወጠ። መንግሥት በ1970 የካሮኒን አብላጫ ድርሻ፣ በ1975 ደግሞ ቀሪውን ገዝቶ የመንግሥት ኩባንያ አደረገው። ሳዱን ያሳሰረው መሬት የአገሩ ሕዝብ ንብረት ሲሆን፣ እርሱ በባሕር ላይ ያቆመው ቤት በመፍረስ ላይ ነበር።

መልሶ የማነጽ ሥራ የተጀመረው የሕንዳውያን መምጣት 150ኛ ዓመት በተቃረበ ጊዜ ነው። መንግሥት ወጪውን ችሎ አሁን የሚታየውን ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ባለ አንድ ፎቅ መቅደስና የተጠናከረውን ማለፊያ አሠራ። አዲሱ ሕንፃ የተመረቀው ዲሴምበር 10 ቀን 1994 ነው። በማለፊያው መግቢያ አቅራቢያም የሳዱ ሐውልት ቆመ። በቀጣዩ ዓመት ሜይ 30 ቀን የሕንዳውያን መምጫ ቀን በሚል ስያሜ ተከበረ፤ በኖቬምበር 1995 ደግሞ ባስዴዮ ፓንዴይ የመጀመሪያው ሕንዳዊ ዝርያ ያለው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የቅኝ ግዛቱ ፍርድ ቤት የቀጣው ሰው ነጻው መንግሥት የሚያከብረው ሰው የሆነው በዚህ የፖለቲካ ወቅት ውስጥ ነው። በመታሰቢያው ሥራ ውስጥ የምርጫ ስሌት ፈጽሞ አልነበረም ማለት አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም የሳዱ ስም ከመንደር ትዝታ ወደ ብሔራዊ ታሪክ የተሸጋገረው በእርሱ ነው። በሌላ በኩል፣ መልሶ ማነጹ ከቅርስ ጥበቃ አንጻር ጥያቄ ያስነሣል። ጎብኚው የሚያየው የ1994ን ሕንፃ እንጂ የሳዱን ባልዲ ሥራ አይደለም። ከእርሱ የተረፈው የቦታው ምርጫና ከዳርቻ እስከ መቅደስ የሚዘረጋው መስመር ነው።

በዚያው ጊዜ በሌላ የዳያስፖራ ማዕከል የተከናወኑ ሁለት ነገሮች ከዋተርሉ ጎን ቢቀመጡ ጠቃሚ ንጽጽር ይሰጣሉ። በኦገስት 1995 በለንደን ኒስደን የተመረቀው የስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ከቡልጋሪያ የመጣ የኖራ ድንጋይና ከጣሊያን የመጣ እብነ በረድ ሕንድ ውስጥ ተጠርቦ፣ እንደ ገና ወደ እንግሊዝ ተጓጉዞ የተገጣጠመ ነው። ይህን ያስቻለው የተደራጀ ማኅበር፣ ሰፊ ገንዘብና በሕግ የተገዛ መሬት ነው። በአንጻሩ በሃርትፎርድሻየር የሚገኘውና ጆርጅ ሃሪሰን በ1973 ለክሪሽና ማኅበር ያበረከተው የባክቲቬዳንታ ማኖር ግቢ፣ መሬቱ የራሱ ቢሆንም ለብዙ ዓመታት በፕላን ሕግ ሲከራከር ቆይቷል። የአካባቢው ምክር ቤት ብዛት ያለው ሕዝብ በበዓላት ቀን ወደ ትንሽ መንደር መጉረፉን ተቃውሞ ሕዝባዊ አምልኮውን ሊያስቆም ሞከረ፤ በ1994 በለንደን አደባባይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰለፉ፤ ጉዳዩ የተፈታው በ1996 መንደሩን የሚያልፍ የራሱ መግቢያ መንገድ ሲፈቀድለት ነው። የባለቤትነት ጥያቄ ሲያበቃ የአጠቃቀም ጥያቄ ይተካዋል ማለት ነው። በሁለቱም ጉዳዮች ወሳኝ የሆነው መንገድ መሆኑ አጋጣሚ ቢሆንም የሚያስገርም ነው፤ ሳዱም ከመቅደሱ በፊት የሠራው ወደ መቅደሱ የሚያስገባውን መንገድ ነበር።

በዋተርሉ ዳርቻ፣ ከማለፊያው አጠገብ፣ ሂንዱዎች ሙታናቸውን በእሳት የሚያሰናብቱበት ስፍራ አለ። ሥርዓቱ የሚፈጸመው በገሃድ፣ ባሕሩ ፊት ለፊት ነው፤ አመዱም ለውኃው ይሰጣል። ከዳርቻው ጥቂት ራቅ ብሎ በ2006 የተከፈተው የሕንድ ካሪቢያን ሙዚየም የውል ሠራተኞቹን ዕቃዎች ያሳያል። የካሮኒ ኩባንያ በ2003 ተዘግቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞቹ ሲሰናበቱ፣ ከዋተርሉ እስከ ቻጉዋናስ ያለው ብዙው የአገዳ ማሳ ጦም አደረ። መቅደሱ ከውኃው ጨው የተነሣ በየጊዜው ጥገና ያስፈልገዋል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ዛሬም ጭቃው እስከ መሠረቱ ድረስ ይገለጣል።